መብራት ቢሄድም ከዜሮ አይጀመርም

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉም ከጎጃም ናቸው። ደግሞ ሁሉም አንድ ነገር ላይ ይዞራሉ፦ ፋይሌን ከኮምፒውተሬ ወደ ሩቅ ሰርቨር እንዴት ልላክ፣ ልኬስ ሁለቱን እንዴት እኩል ላድርጋቸው። የስልክና የፕሪንተር ጥያቄ የላካችሁ እስከሚቀጥለው ዕትም ታገሱኝ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የአብዛኞቹ መልስ አርሲንክ የሚባል ፋይል መላኪያ ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹን ሲነበቡ እንደሚሰሙት ነው የጻፍኳቸው፤ ኪቦርዱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚመቱት። ዳሽ ያልኩት አጭሯ ሰረዝ ናት፣ ስላሽ ያልኩት ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘመመችው ሰረዝ።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ላይ የፎቶና ቪዲዮ ቤት አለኝ። ጥር ሲገባ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው። የአንዱ ሰርግ ብቻ 40 ጊጋ ይደርሳል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ሰርቨር ተከራይቶልኝ በአንድ ፕሮግራም እየጎተትኩ እጭናለሁ፤ ግን መብራት በሄደ ወይም ኔትወርክ በተቆረጠ ቁጥር እንደገና ሀ ብዬ ነው የምጀምረው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ሰርግ ይደርሳል። የሰፈር ልጆች «አርሲንክ ተጠቀም» አሉኝ። ጥቁሩን ስክሪን ሳየው ግን ፈራሁት። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጆቹ ልክ ናቸው። ጥቁሩ ስክሪንም አይነክስም፤ አንዴ ከለመድከው መጎተቱን ትጠላዋለህ።

አርሲንክ የቆየ መሣሪያ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል ከፖል ማኬራስ ጋር ሆኖ ነው ያወጣው፤ እስከ ዛሬም በብዙ ሰርቨር ላይ አለ፣ በነጻ። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ፋይል ከመላኩ በፊት ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለውን ያያል። ስሙ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ሰዓትም አንድ ከሆነ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከ900 ፎቶ 600ው ሄዶ መብራት ቢጠፋ፣ መብራቱ ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደግመህ ትሰጠዋለህ፤ 600ውን በአፍታ ዘልሎ ከ601ኛው ይቀጥላል። በመሀል ያለውን ትልቅ ቪዲዮም ቢሆን በቁራጭ በቁራጭ ከፍሎ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ አጭር ምልክት ከወዲያኛው ጋር አመሳክሮ፣ የጎደለውን ብቻ ነው የሚልከው።

ዊንዶውስ ላይ አብሮ አይመጣም። ፓወርሼል የሚባለውን የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት በአድሚን (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ክፈትና ደብሊውኤስኤል ዳሽ ዳሽ ኢንስቶል በል። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስታበራ ኡቡንቱ የሚባል ሊኑክስ ዊንዶውስህ ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፤ ስምና ፓስወርድ ይጠይቅሃል፣ ስጠው። ከዚያ በኋላ ዲ የምትለው ዲስክህ ስላሽ ኤምኤንቲ ስላሽ ዲ ተብላ ትገኛለች። እዚያው ኡቡንቱ ውስጥ አርሲንክ ዳሽ ዳሽ ቨርዥን ብለህ ቁጥር ከመለሰልህ ዝግጁ ነህ። ሰርቨሩ ላይም መኖር አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና «ትእዛዙ አልተገኘም» ሲለው ጥፋቱን ላፕቶፑ ላይ ይፈልጋል። ወንድምህ ሰርቨሩ ላይ አንዴ ይጫንልህ።

አሁን ወደ ትእዛዙ። መጀመሪያ አርሲንክ፣ ቀጥሎ ዳሽ ኤ ቪ ፒ፣ ሦስቱ ተያይዘው፣ ፒዋ ብቻ ትልቋ ፊደል። ኤ ማለት የፋይሉን ሰዓትና ፈቃድ እንዳለ ጠብቀህ፣ በውስጥ ያሉ ፎልደሮችንም ጨምረህ ውሰድ ማለት ነው። ቪ የምትሠራውን እያሳየኸኝ ሥራ ነው። ትልቋ ፒ ላንተ ከሁሉም በላይ ናት፤ አርሲንክ እሷ ከሌለች መሀል ላይ የተቋረጠውን ፋይል ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያጠፋዋል፣ ካለች ግን የደረሰውን ይዞ ይቆይሃል፤ ስንት በመቶ እንደደረሰም ታሳይሃለች። ቀጥሎ ዳሽ ዳሽ ታይምአውት እኩል ይሆናል 60 ጨምርበት፤ ኔትወርኩ ሞቶ ፕሮግራሙ እያለ እንደሌለ ሆኖ እንዳይደርቅብህ፣ 60 ሰከንድ ምንም ካልተላለፈ ራሱን ያቆማል። ከዚያ ባዶ ቦታ ትተህ የራስህን ፎልደር፣ ሌላ ባዶ ቦታ ትተህ የሰርቨሩን፦ የተጠቃሚው ስም፣ አት፣ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፎልደር።

የፎልደርህ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን ስላሽ አደራ። ሰርግ ስላሽ ካልክ የፎልደሩን ሆድ ነው የሚወስደው፤ ያለ ስላሽ ሰርግ ካልክ ግን ፎልደሩን ራሱን። ዛሬ በስላሽ ነገ ያለ ስላሽ ከላክህ ሰርቨሩ ላይ ሰርግ ውስጥ ሌላ ሰርግ ይፈጠርና ያን ሁሉ ጊጋ ሁለት ጊዜ ትጭናለህ። እኔ ሁልጊዜ በሁለቱም በኩል ስላሽ አደርጋለሁ፣ ማሰብም አያስፈልገኝ።

መንገዱ ኤስኤስኤች የሚባለው፣ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መስመር ነው፤ ፋይሉ በመንገድ ላይ ተመስጥሮ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ስትገናኝ «ይህን ሰርቨር አላውቀውም፣ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቅሃል። የስ ብለህ ሦስቱንም ፊደል ጻፍለት፣ ዋይ ብቻ አይቀበልም። ፓስወርድ ስትጽፍ ደግሞ ምንም አይታይም፣ ኮከብም ነጥብም የለም። ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ጻፍና ኢንተር በል።

ሂሳቡን ግን አስቀድመህ እወቀው። የመጫኛ ፍጥነትህ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 40 ጊጋ ማለት 44 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሳይቆረጥ። አርሲንክ መስመሩን አያፈጥነውም። የሚያደርግልህ ነገር ቢኖር የሄደው በከንቱ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ እየተነሳህ ትእዛዙን ከምትደግመው ኮምፒውተሩ ራሱ ይድገመው፦ አንቲል፣ ከዚያ ሙሉው የአርሲንክ ትእዛዝ፣ የእንግሊዝኛዋ ነጠላ ሰረዝ ከላይዋ ነጥብ ያለባት ምልክት (ሴሚኮለን)፣ ዱ ስሊፕ 60፣ ያችኑ ምልክት፣ ዳን። እስኪሳካ ድረስ በየደቂቃው ይሞክራል። ትተኸው ቡናህን ጠጣ። ብቻ በየደቂቃው «ፓስወርድ» እንዳይልህ ቁልፍ፣ ማለትም በፓስወርድ ፈንታ ሰርቨሩ ላይ የሚያስገባህ ፋይል፣ ያስፈልግሃል፤ እሱን ከታች ለሞጣው ጠያቂ ጽፌዋለሁ።

ሰው ዳሽ ዜድ ጨምር ይልሃል፣ ጨምቆ ይልካል ብሎ። ያንተ ፎቶና ቪዲዮ ከካሜራው ሲወጣ ተጨምቆ ነው የወጣው፤ ላፕቶፕህን ማድከም ብቻ ነው፣ ተወው። ቤተሰቡ ወይም ጎረቤት ያንኑ ዋይፋይ የሚጋራ ከሆነ ግን ዳሽ ዳሽ ቢደብሊው ሊሚት እኩል ይሆናል 100 በል፤ በሰከንድ ከ100 ኪሎባይት በላይ አይወስድም፣ ሰላም ታድራላችሁ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪዎች ሰነድ እይዛለሁ። ሰነዱ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው ያለው፤ በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ሰርቨር በአርሲንክ እልከዋለሁ። ያሳየኝ ሰው «ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ» ብሎ ዳሽ ዳሽ ዲሊት የሚል ጨምሮልኛል። ባለፈው ዓርብ እንደ ወትሮው አሠራሁት፣ በሰከንዶች ጨረሰ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሰኞ ሳየው ሰርቨሩ ባዶ ነው! እጄን አመመኝ ብዬ ሥራ ቀረሁ፤ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይረጋጉ። ዲስኩን ይሰኩና ይክፈቱት። ሰነዱ እዚያው ቁጭ ብሎ እንደሚያገኙት ነው የምገምተው።

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ሊኑክስ ላይ ውጫዊ ዲስክ ሲሰካ አንድ ባዶ ፎልደር ላይ ነው የሚቀመጠው። ዲስኩ ካልተሰካ፣ ወይም ገመዱ ላላ ብሎ ከወደቀ፣ ያ ፎልደር ባዶውን ይቀራል። አርሲንክ ሄዶ አየው፤ ባዶ ነው። ባዶ ፎልደር ደግሞ ስሕተት አይደለም። «ሁለቱን እኩል አድርግ» ተብሏል፣ አደረገ። በሰከንዶች መጨረሱ ራሱ ምልክት ነበር፤ መላክ ጊዜ ይወስዳል፣ ማጥፋት አይወስድም።

የጠፋው እንግዲህ የሰርቨሩ ግልባጭ እንጂ ዋናው አይደለም። ዲስኩን ሰክተው ያንኑ ትእዛዝ ዲሊት የሚለውን አውጥተው ይስጡት፤ መልሶ ይጭናል፣ የሚባክነው ጊዜና ዳታ ነው። ዲስኩ ላይ የማይገኝ ነገር ካለ ብቻ ሰርቨሩን ላከራያችሁ ድርጅት ዛሬውኑ ደውሉ፤ ብዙዎቹ የቆየ ቅጂ ያስቀምጣሉ፣ ግን ለዘላለም አይደለም። እስኪመልሱላችሁ ድረስም ሰርቨሩ ላይ ምንም አትጻፉበት። ለኃላፊዎ ደግሞ ይንገሩ። ተመልሶ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ ተደብቆ ከከረመ ግን ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

አሁን መከላከያው። አርሲንክ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ደጋግመው ቢያሠሩት የማይጎዳዎት ነገር ብዙ ነው፣ ዲሊትን ግን በማያውቁት ቤት እንዳለ ውሻ ይጠርጥሩት። ዲሊት ያለበትን ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት ዳሽ ኤንና ዳሽ ቪ ጨምረው ያንኑ ይስጡት። ይህ የይስሙላ ነው፤ ምንም ሳይነካ «ይህን እልካለሁ፣ ይህን አጠፋለሁ» ብሎ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ውስጥ ማጥፋት የሚል መስመር እንደ ጎርፍ ከወረደ ያቁሙት። በራሱ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዳሽ ዳሽ ማክስ ዳሽ ዲሊት እኩል ይሆናል 20 ይበሉት፤ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ አያጠፋም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው ሌላ ነው። ዳሽ ዳሽ ባክአፕ እና ዳሽ ዳሽ ባክአፕ ዳሽ ዲር የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ለሁለተኛው የዕለቱን ቀን የያዘ የፎልደር ስም ይሰጡታል፤ ያን ፎልደር ግን ከሚያመሳስሉት ፎልደር ውጭ ያድርጉት። ከዚያ በኋላ የሚጠፋውና የሚቀየረው ሁሉ ወደዚያ ይዛወራል እንጂ አይሞትም። አንድ ሠራተኛ የ10ኛ ክፍልን ውጤት በስሕተት ደልዞ ቢያስቀምጥና ዓርብ ቢላክ፣ የሳምንት በፊቱ እዚያ አለ። ሁለት ቦታ እኩል የሆነ ነገር ስሕተቱም እኩል ነው፤ «ሰርቨር ላይ አለኝ» ብሎ የሚተኛ ሁሉ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ቢቸና አካባቢ ባለ አንድ ደብር ዲያቆን ነኝ። የብራና መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳን ወደ ሰርቨር እንልካለን። ሦስት ችግር ገጠመን። የፎልደሮቹ ስም በአማርኛ ስለሆነ አርሲንክ ሲያሳየን በፊደላችን ፈንታ ቁጥርና የተገለበጠ ሰረዝ ይደረድራል። አንዳንዱን ፋይል ስሙ ረዝሟል ብሎ ይመልሰዋል። አንድ መጽሐፍ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ሁለት ቦታ ሆኖ ይታያል።

መልስ፦ ዲያቆን፣ ሥራችሁ የሚያስቀና ነው። የደብሩ አስተዳዳሪና ሽማግሌዎቹ አውቀውት ፈቅደውት እንደሚሠራ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የብራና ፎቶ ከሰርቨር ወጥቶ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፣ ስለዚህ ፓስወርዱ በስንት ሰው እጅ እንዳለ ቁጠሩ።

የመጀመሪያው የማሳያ ጉዳይ ብቻ ነው። ፋይሉ ስሙን ይዞ በደህና ሄዷል። ዳሽ 8 ጨምሩበት፣ ፊደሉን እንዳለ ያሳያችኋል።

ሁለተኛው ያሳዝናል ግን መፍትሔ አለው። ሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። የእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የኛ አንድ ፊደል ሦስት ይይዛል፤ ስለዚህ ለኛ የቀረልን ወደ 85 ፊደል ነው። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ እዚያ ያለ ችግር የተቀመጠው ረጅም ስም ሊኑክስ ሰርቨር ላይ እምቢ ይላል። የመጽሐፉን ሙሉ ርእስ፣ የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ የቀኑን ሁሉ ፋይል ስም ላይ አትጫኑት። ቁጥር ስጡት፤ ዝርዝሩን በአንድ ሰንጠረዥ ያዙት።

ሦስተኛው ላይ ቆም እንበል። አንዱ ልጅ «ተአምረ ማርያም» ብሎ ጻፈ፣ ሌላው «ተዓምረ ማርያም»። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አልፋው አ እና ዓይኑ ዓ እንደ በግና ፍየል የተለያዩ ናቸው፣ ሰና ሠ፣ ሀና ሐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። አርሲንክ አንዱን አይቶ ሌላውን አዲስ ነው ብሎ ይጭነዋል። ከመካከላችሁ ፊደል የሚጠነቅቅ አንድ ሰው ምረጡ፣ የቅኔ ቤት ልጅ አይጠፋም ጎጃም ውስጥ፤ የፎልደር ስም የሚያወጣው እሱ ብቻ ይሁን። ያለውን ስታርሙ ደግሞ በኮምፒውተራችሁ ብቻ አትቀይሩ። አርሲንክ ስም መቀየርን አያውቅም፤ የተቀየረው ፎልደር ለሱ አዲስ ነውና ሙሉውን እንደገና ይጭናል። በኤስኤስኤች ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ እዚያም ስሙን ቀይሩ፣ ከዚያ አመሳስሉ።

ያልጠየቃችሁኝን ልጨምር። ብራናውን የምታነሱት ቲፍ በሚባለው ባልተጨመቀ የፎቶ ፋይል ዓይነት ከሆነ፣ ቅድም ለፎቶ ቤቱ ተው ያልኩት ዳሽ ዜድ ለናንተ ይጠቅማል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አንዴ ዳሽ ሲ ብላችሁ አሠሩት። መጠንና ሰዓት አይቶ ከማለፍ ይልቅ ሁለቱንም ጫፍ ሙሉ በሙሉ አንብቦ ያመሳክራል። ቀርፋፋ ነው፣ ሌሊቱን ይፈጃል፤ ለየቀኑ አይሆንም፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ግን ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር። ጎግል ድራይቭ እያለ ምን አስቸገራችሁ?

መልስ፦ ምንም። ጥቂት ጊጋ ካለህና አሳሽህ ላይ መክፈት ከበቃህ እሱን ተጠቀም። ጎግል ድራይቭ ግን አርሲንክን አይቀበልም፤ ከትእዛዝ መስመር ልትልክለት ከፈለግክ አርክሎን የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፣ አሠራሩ ይቀራረባል።

ጥያቄ፦ ሞጣ ነኝ፣ ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በራሱ እንዲልክ ሰዓት ጠብቆ ትእዛዝ በሚያሠራው ፕሮግራም፣ ክሮን ላይ 8 ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት ፀጥ ይልና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ቢሮ ሲገባ ይጀምራል፣ ኢንተርኔቱን ይበላዋል። ሲጀምርም ፓስወርድ እየጠየቀ ይወድቃል።

መልስ፦ ክሮን የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው፣ ከዜሮ እስከ 23። 8 ስትለው የሰማው የኛን ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አቀያየሩ እንዲህ ነው፦ የቀን ሰዓት ላይ 6 ደምር፣ የማታና የሌሊት ሰዓት ላይ 18 ደምር፣ 24 ከደረሰ ወይ ካለፈ 24 ቀንስ። ሌሊት 8 ማለት 8 ሲደመር 18፣ 26 ይሆናል፤ 24 ሲቀነስ 2። ስለዚህ መስመሩ ዜሮ፣ 2፣ ከዚያ ሦስት ኮከብ ነው፣ በየመሀሉ ባዶ ቦታ ትተህ። ኮምፒውተርህ የአዲስ አበባን ሰዓት መያዙንም ዴት ብለህ እይ። ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) የሚልህ ከሆነ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ 23 ብለህ ጻፍ። ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ደግሞ ክሮን አይተካልህም፣ ያ ሌሊት አለፈ ማለት ነው።

ለፓስወርዱ ቁልፍ ሥራ። ኤስኤስኤች ዳሽ ኪጄን ዳሽ ቲ ኢዲ25519 በል፤ ለቁልፉ ምስጢር ቃል ሲጠይቅህ በራሱ ስለሚሠራ ባዶውን እለፈው። ሁለት ፋይል ይወጣሉ። መጨረሻው ላይ ፐብ ያለው ለሰርቨር የሚሰጥ ነው፤ ሌላው ካንተ ኮምፒውተር እንዳይወጣ፣ በቴሌግራምም በፍላሽም ለማንም አትስጠው። ከዚያ ኤስኤስኤች ዳሽ ኮፒ ዳሽ አይዲ ብለህ የተጠቃሚውን ስም፣ አት፣ የሰርቨሩን አድራሻ ጻፍ። ፓስወርድ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠይቅሃል። ቁልፉ ምስጢር ቃል ስለሌለው ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ሰርቨሩ ላይ ይገባል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን፣ ሌላ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ ክፈትለት፣ ሁሉን ማድረግ የሚችለውን፣ ሩት የሚባለውን ተጠቃሚ አትጠቀም።

የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው እንዳይጀምር ከአርሲንክ በፊት ኤፍሎክ ዳሽ ኤን እና የአንድ ፋይል ስም አስገባ፤ አንዱ እየሠራ ከሆነ ሁለተኛው ዝም ብሎ ይመለሳል። የሚናገረውንም ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል አዙርለት፣ ጠዋት ከፍተህ የመጨረሻውን መስመር ታያለህ።